ማንደፍሮ ደባርቅ የገባ ዕለት

ወሬውን ከመጀመሬ በፊት ሰዎቹን ላስተዋውቅ። ሰው ሳያስተዋውቁ ማውራት ሳያንኳኩ ቤት እንደ መግባት ነው፤ እኔ ደግሞ ሥርዓት እወዳለሁ።

የመጀመሪያዋ ትርሲት ናት፤ ልጄ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ሻንጣዋን ያዘጋጀች ልጅ ናት። ሁለተኛዋ ሙሉነሽ ናት፤ ባለቤቴ፤ ከእኔ ጋር ይህን ያህል ዘመን መኖሯ ብቻውን ስለ ትዕግሥቷ ይመሰክራል። ሦስተኛው ሐጂ ሰይድ ናቸው። ደባርቅ ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ሱቃችን አንድ ግድግዳ ስለሚጋራ እኔ ስቆጣ መጀመሪያ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። አራተኛው መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ምላሳቸው ግን ደኅና ነው። አምስተኛው ማንደፍሮ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ማንደፍሮ ሁለት ነውና። አንዱ ማንደፍሮ ኢንጂነር ናቸው። ጃናሞራ ተወልደው፣ ኮምፒውተር በአገራችን እንደ ብርቅ በሚታይበት ዘመን በአማርኛ የሚሠራ ሶፍትዌር የጻፉ ሰው ናቸው። በሬዲዮ ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ፤ መልካቸውን ግን አይቼ አላውቅም። ሌላው ማንደፍሮ ጭላዳ ነው። አዎ፣ ዝንጀሮ። በአንድ የልጆች መጽሐፍ ውስጥ የሚኖር፣ ሰሜን ተራራ ላይ ተወልዶ ገደል የሚፈራ ጭላዳ። እናንተ አሁን ሁለቱንም አወቃችሁ። እኔ ግን ያኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነበር። ደባርቅ ውስጥ ጭላዳውን የማያውቅ የተማሪ አባት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

የማላውቀውም በራሴ ሕግ ምክንያት ነው። እኔ በትምህርት ቤት በር አልፌ አውቃለሁ እንጂ በበሩ ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ሚስማር ከምጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነው። የምሸጠው ሚስማር፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ነው፤ ያነበብኩትም እንደዚያው ጠንካራ ጠንካራውን ነው። ስለዚህ ቤቴ ውስጥ ተረት እንዳይገባ ከልክያለሁ። ተረት የሚነበበው ሥራ ሲጠፋ ነው፤ እኔ ቤት ደግሞ ሥራ ጠፍቶ አያውቅም። ልጄ ግን ተረቱን በትምህርት ቤት በኩል ታስገባው ኖሯል።

ከልጄ ጋር ጠቡ የተጀመረው አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ነው።

«ሶፍትዌር ትማሪያለሽ» አልኳት።

«እኔ የምማረው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። ለሕፃናት መጻፍ እፈልጋለሁ።»

«አማርኛ ትችያለሽ'ኮ! የምትችይውን ነገር ደግሞ ምን ብለሽ ትማሪያለሽ?»

«አንተ ቆርቆሮ ትሸጣለህ፤ ቆርቆሮ መሥራት ትችላለህ?»

እስከ ራት ድረስ መልስ ስፈልግ ቆየሁ። አጣሁ። ስላጣሁም ተቆጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ልጄ መነጋገር አቆምን። ጨው ስፈልግ «ሙሉነሽ፣ ልጅሽ ጨው ታቀብለኝ በያት» እላለሁ። ትርሲት ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣ «እማዬ፣ ጨው እዚያው ፊቱ ነው በይው» ትላለች።

«እኔ ስልክ አይደለሁም!» አለች ሙሉነሽ አንድ ቀን። ወዲያው ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ስትመለስ መሪጌታንና ሐጂን አስከትላ መጣች። በቤቴ ሽማግሌ ተቀመጠ።

እኔ የሰው ጠብ ሳስታርቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። በራሴ ቤት ተከሳሽ ሆኜ መቀመጥ እንዴት እንደሚቆረቁር ያወቅኩት ያን ቀን ነው። መሪጌታ ገና «እንግዲህ ልጆቼ» ብለው ሲጀምሩ በደጃችን ባጃጅ አለፈ። ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ ታስሮበታል።

«ማንደፍሮ ቅዳሜ ደባርቅ ይገባል! ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ!»

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። እግዚአብሔር ለእኔ ብሎ በባጃጅ መልእክት የላከ መሰለኝ።

«ሰማችሁ? ኢንጂነር ማንደፍሮ! በሬዲዮ የሰማኋቸው! ሶፍትዌር ምን እንደሆነ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ ያሉት ሊመክሩ ነው። እሳቸው ይፍረዱን!»

«አባዬ፣ ማንደፍሮ እኮ—» አለች ትርሲት።

«ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥም።»

«ይሄ ማንደፍሮ'ኮ—»

«ትርሲት!»

ሦስተኛ አልሞከረችም። ትንሽ አሰብ አደረገችና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

«ማንደፍሮ የሚፈርደውን ይቀበላል?»

«እቀበላለሁ!» አልኩ እኔ፣ መልእክተኛ ሳልጠብቅ።

«እንግዲያው ዋስ ይጥራልኝ።»

ሐጂ ሰይድ በሣቅ ተንከተከቱ። «ያ አላህ! ይቺ ልጅ ሁለቱንም ትታ ሕግ ብትማር ነው የሚሻላት!» አሉ። የእኔ ዋስ እሳቸው ሆኑ፤ የእሷ ዋስ መሪጌታ ሆኑ። መሪጌታ ጣታቸውን አንሥተው «ማንደፍሮ የፈረደውን ያፈረሰ ዋሱን አዋረደ። ሰምታችኋል?» አሉ። «ሰምተናል» አልን።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥፋት በሙሉ ከአክብሮት የመጣ ነው። ትልቅ እንግዳ በር ላይ ቆሞ አይጠበቅም፤ ወጥተው ነው የሚቀበሉት። እኔም የባጃጁን ሹፌር አፈላልጌ አገኘሁት። «ከጎንደር በጠዋቱ አውቶቡስ መጥቶ ደባት ላይ መኪና ይቀይራል፤ ትልቅ ጆንያ ይይዛል» አለኝ። ጆንያው ኮምፒውተር ነው ብዬ ደመደምኩ። ደባት ድረስ ሄደን እንድንቀበላቸው ሚኒባስ ተከራየሁ። ከሐጂ ሱቅ ጋቢ አነሣሁ። በግ ገዛሁ፤ ሐጂም ለእስላሙ ወገን በራሳቸው እጅ የሚባረክ ሌላ በግ ገዙ።

«አንተ ሰውዬ፣ እንግዳው እኛ ቤት እንደሚመጣ ያውቃል?» አለች ሙሉነሽ።

«ትልቅ ሰው ይቀበሉታል እንጂ አይጠይቁትም።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ሙሉነሽ እንዲህ ስታየኝ አብዛኛውን ጊዜ ልክ እሷ ናት። ስለዚህ ፊቴን አዞርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ደባት መናኸሪያ ቆመናል፤ እኔ ጋቢውን በክንዴ፣ መሪጌታ መቋሚያቸውን፣ ሐጂ ስልካቸውን ይዘው። አውቶቡሱ ቆመ። አንድ ቀጭን ወጣት ከሱ የሚበልጥ ጆንያ ተሸክሞ ወረደ። ሱሪው ላይ የነጭና የሰማያዊ ቀለም ጠብታ አለ።

«እርስዎ ማንደፍሮ ነዎት?» አልኩት።

ሣቀ። «በየከተማው እንደዚያ ነው የሚሉኝ።»

ትሕትና ነው አልኩ በልቤ። ከሦስታችን አንዳችንም እስኪጨርስ አልጠበቅነውም። ጋቢውን አለበስኩት፤ መሪጌታ መረቁት፤ ሐጂ ጆንያውን ሊቀበሉት ሲሉ «ቀስ፣ ፀጉሩ እንዳይበላሽ!» አለ። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። የኮምፒውተር ፀጉር አይቼ አላውቅም፤ ግን ስንቱን አይቼ አላውቅም?

በመንገድ ላይ መሪጌታ በጆሮዬ «ልጅ አይደለም እንዴ? በዚያ ዘመን መቼ ተወልዶ?» አሉኝ።

«አእምሮ የሚሠራ ሰው አያረጅም፣ የኔታ።»

ቤት ደርሰን ምሳ ቀረበ። እንግዳው በላ። እንዲህ የሚበላ ትልቅ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሁለቱንም በግ ያለ አድልዎ አከበራቸው። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለ ሥራው ጠየቅኩት።

«ያን ሁሉ ሥራ ብቻዎን ነው የሠሩት?»

«አብዛኛውን ብቻዬን። ሥዕሉን ግን ጓደኛዬ አግዞኛል።»

«ሲጀምሩ ይበልጥ ያስቸገረዎት ምኑ ነው?»

ጉርሻውን ዋጠና አሰበ። «ጅራቱ» አለ። «ጅራቱ አልቆም ብሎ ብዙ አሠቃየኝ።»

ሐጂ ማኘክ አቆሙ። ትርሲት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እኔስ? እኔማ፣ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ «አዎ፣ ጅራቱማ ያስቸግራል» አልኩ።

በዚህ መሐል ደጁ በልጆች ተሞላ። እንግዳው በሚኒባስ ወደ ቤቴ መግባቱን ያየ ልጅ ሁሉ ተከትሎን ኖሯል። አጥሩን እየነቀነቁ «ማንደፍሮ! ማንደፍሮ!» ይላሉ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለሶፍትዌር እንዲህ የሚጮህ ትውልድ ከመጣማ ይቺ አገር ዳነች አልኩ። ጉዳዩን ለማቅረብ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። ተነሥቼ ቆምኩ።

«የተከበሩ ማንደፍሮ፣ እርስዎ በሶፍትዌር ሥራ ቀዳሚ እንደ መሆንዎ—»

«በምን?»

«በሶፍትዌር።»

«አባቴ» አለ እንግዳው ደንግጦ፣ «እኔ ስልኬ ሲበላሽ እንኳ አጥፍቶ ከማብራት ሌላ አላውቅም። ማንደፍሮ እሱ ነው።» ጆንያውን ፈታና የጭላዳ ራስ አወጣ። ጎፈሩ ተንዘረፈፈ፤ ቀዩ ደረቱ ተከትሎ ወጣ፤ በመጨረሻም ያ ጅራት።

«በስመ አብ ወወልድ!» አሉ መሪጌታ። ሐጂ ግድግዳውን ተደግፈው ሣቁ፤ እስካሁንም ያን ግድግዳ ሲያዩ ይሥቃሉ። ወጣቱ ስሙ ደሳለኝ መሆኑን፣ መጽሐፉን የጻፈው ራሱ መሆኑን፣ ባጃጁንም ተከራይቶ በየከተማው ለልጆች ጭላዳውን ለብሶ እንደሚጫወት በአጭሩ ነገረን። ጋቢውን ሊያወልቅ ሲል ሙሉነሽ ከለከለችው።

እኔ ወደ ትርሲት ዞርኩ። «ታውቂ ነበር?»

«ሁለት ጊዜ ልነግርህ ጀመርኩ። ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥም አልከኝ።»

«እንግዲያው ዳኝነቱ ቀርቷል!» አልኩ። «ሰውየው ሌላ ነው!»

ሐጂ እንባቸውን ጠርገው ኮስተር አሉ። «ደባት ድረስ ሄደህ የተቀበልከው ማነው? ጋቢ ያለበስከው ማነው? ጉዳዩን ቆመህ ያቀረብክለትስ? አሁን ቃልህን ብታጥፍ የምዋረደው እኔ ዋስህ ነኝ፤ ነገ ገበያ ላይ ምን ብዬ ልቁም?»

እኔ አንድ ጊዜ የጠራሁትን የቆርቆሮ ዋጋ፣ በማግስቱ ቢጨምር እንኳ፣ ለዚያ ገዢ አስጨምሬ አላውቅም። ልጄን ስንት ዓመት ቃል ቃል እያልኩ አሳድጌያለሁ። ሁሉም እኔን ያያሉ፤ ጭላዳውም ከጉልበቱ ላይ በመስታወት ዓይኑ ያየኛል።

«ይፍረዱ» አልኩ። «ይፍረዱ» ያልኩት በአክብሮት ነው። ደባት ላይ «እርስዎ» ያልኩትን ሰው ቤቴ ውስጥ «አንተ» ማለት ነውር ስለሆነብኝ፣ ደሳለኝን እስከ ዛሬ «እርስዎ» እለዋለሁ።

ደሳለኝ የእኔን ሰማ፤ የእሷንም ሰማ። የጭላዳውን ጎፈር በጣቶቹ አበጠረ። ትርሲት ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ለመጽሐፍ እንደሚፈርድ እኔም አልተጠራጠርኩም።

«እህቴ» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጎንደር ላይ የሰው ግድግዳ ቀለም እቀባለሁ። ማንደፍሮ የሚኖረው በቀለም ቅቡ ነው። ዛሬ ምሳ እንደዚህ የበላሁት የእውነት ስለራበኝ ነው። እውነቱን ፍረድ ካላችሁኝ፣ አባትሽ ልክ ናቸው። ሶፍትዌር ተማሪ። እንጀራ ይኑርሽ። ተረቱን በትርፍ ሰዓትሽ ትጽፊዋለሽ።»

ውጭ ያሉት ልጆች ብቻ ይጮሃሉ። የትርሲት ፈገግታ ቀስ ብሎ ሲጠፋ አየሁት። አላለቀሰችም። ሄዳ የመሪጌታን ጉልበት ሳመችና «እሺ፤ ዋሴን አላሳፍርም» አለች።

ረታሁ። ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት ረጅም ምክር ነበረኝ፤ ተውኩት። ልጄ ያደረገችው እኔ ያስተማርኳትን ነው፤ ቃሏን ጠበቀች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የተረፈውን የበግ ሥጋ ወደ እሷ ገፋሁላት፤ አልነካችውም።

አጥሩ ግን ከእኔ ቀድሞ ወደቀ። ልጆቹ ግቢውን ሞሉት። ደሳለኝ ጭላዳውን ለበሰና ወጣ፤ ጩኸቱ እስከ አውራ ጎዳናው ተሰማ። ታሪኩን እሱ ይጫወታል፤ የሚተርክለት ሰው ደግሞ ያስፈልገዋል። ትርሲት መጽሐፉን በቃሏ ስለምታውቀው እሷ ተራኪ ሆነች።

«አሁን ደግሞ ገደል ያስፈልገናል!» አለ ጭላዳው። «ማንደፍሮ የሚፈራው ገደል ማን ይሁን?»

ልጆቹ አልተመካከሩም። ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ።

እኔ ረጅም ነኝ፤ ፊቴም በቀላሉ አይፈታም። ሐጂ ከሱቄ የሲሚንቶ መሸፈኛ ሸራ አምጥተው አከናነቡኝ፤ እንዲህ ያለ ቅልጥፍና በሥራ ሰዓት አይቼባቸው አላውቅም። ጭላዳው ወደ እኔ ተጠጋ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ሸሸ። ልጆቹ ሣቁ። እንደገና ተጠጋ። ሸራው ውስጥ የቀረው የሲሚንቶ ብናኝ አፍንጫዬ ገባና አነጠስኩ፤ ጭላዳው በጀርባው ተዘረረ። «ገደሉ ተናደ!» እያሉ ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔም በሸራው ውስጥ ሆኜ፣ ማንም አያየኝም ብዬ፣ ሣቅኩ። ሸራው ሲንቀጠቀጥ ግን ይታይ ኖሯል።

ከዚያ የትርሲት ድምፅ መጣ። ልጆቹን በአንድ ጊዜ ጸጥ አደረገቻቸው፤ እኔ በቁጣ እንኳ ይህን አልችልም። «ገደሉ ክፉ አልነበረም» አለች። «ከታቹ ያለው ጥልቅ ስለሆነ፣ ልጆች እንዳይወድቁ ብሎ ነው እንደዚያ የሚያስፈራው። ማንደፍሮ ግን ማለፍ አለበት። ሣሩ ያለው ወዲያ ነው።»

ይህ በመጽሐፉ ውስጥ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።

«ገደል፣ አሳልፈው! ገደል፣ አሳልፈው!» ልጆቹ ጮኹ። ገደል አይናገርም፤ እኔ ግን «ይለፍ» አልኩ፣ ድምፄ ትንሽ ተሰነጠቀ። ግቢው በጭብጨባ ተናጋ።

ልጆቹ ሲበተኑ ሸራውን ገፍፌ ብወጣ መሪጌታና ሐጂ ፊቴ ቆመዋል። ነገሩ ገባኝ። በእኛ አገር ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ሽማግሌ ይነሣና የረታውን ሰው ይለምናል፤ የረታውም አንድ ነገር እስኪለቅ ሽማግሌ አይቀመጥም።

«ለእኛ ብለህ ምን ትለቃለህ?» አሉ መሪጌታ።

«ክረምት ክረምት ትጻፍ» አልኩ።

አልተቀመጡም።

«ቅዳሜና እሑድም ይጨመር።»

«በዚህ ዓይነት ጨርቅም አልሸጥልህም!» አሉ ሐጂ። ደሳለኝም ጭላዳውን ሳያወልቅ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። «እኔ የፈረድኩት ስለ እንጀራ ነው» አለ ላቡን እየጠረገ። «ስትተርክ ሳልሰማት።» መሪጌታ ሁለት እጃቸውን መቋሚያቸው ላይ ጭነው «ልጄ፣ ጉልበቴ» አሉ።

ወደ ትርሲት አየሁ። እሷ ወደ እኛ አታይም። ሸራውን ጫፍ ከጫፍ እያገጣጠመች ታጥፋለች፤ የተፈረደባት ሰው ሳትመስል፣ ሥራዋን እየሠራች።

«ሙሉውን ለቅቄያለሁ» አልኩ። «የፈለገችውን ትማር። ለሽማግሌዎቹ ስል፤ ደግሞም ለገደሉ ስል።»

መሪጌታ ቁጭ ያሉበት ፍጥነት ስለ ጉልበታቸው ጥርጣሬ ፈጥሮብኛል። ትርሲት ሸራውን ጥላ መጣች።

«አባዬ፣ እርግጠኛ ነህ?»

«ዋስ ልጥራ?»

ይህን ስላት ሣቀችና ትከሻዬን ሳመችኝ፤ ፊቷ በሲሚንቶ ነጣ። ራት በላን። ጨውም በቀጥታ ተቀባበልን።

በማግስቱ ሁላችንም ተሰብስበን ወጪውን አሰላነው። ሐጂ የበጋቸውን፣ ደሳለኝ የባጃጁን፣ እኔ የሚኒባሱን፣ የጋቢውን፣ የበጌንና የአጥሩን አቀረብን። መሪጌታ ምረቃቸውን በነጻ አደረጉልን። ተደምሮ ሠላሳ አራት ሺህ ስምንት መቶ ብር ሆነ። የቀረችብኝን ኢንጂነር ዋጋዋን ስለማላውቅ አልደመርኳትም።